የተውሶ ላስቲክ

ዛሬ ጠዋት የልጄን ፀጉር ሳስይዝ ቀጭኑ ላስቲክ ጧ ብሎ ተበጠሰና ጣቴን ገረፈኝ። ሽታው ከፀጉር ቅባቱ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ልጄ "እማዬ፣ ሰርቪሱ ሄደ እኮ!" እያለች እግሯን ታማታለች፤ እኔ ግን በሐሳቤ የዛሬ ስንት ዓመት ኢምፔሪያል ነበርኩ፣ ከአንድ ሞባይል ጥገና በላይ ያለ ፎቅ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ።

ያን ክረምት ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ሥራ ያጣን ሁለት ልጆች ነበርን፤ እኔና አያት ኮንዶሚኒየም ከእኛ ቤት ሥር የምትኖረው ጓደኛዬ። የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የአየር መንገድ ሆስተስ መሆን፣ ሁለታችንም፣ አብረን። አንዳችን ብቻ ብታልፍስ የሚለውን ግን አናነሳውም። ሟርት ይመስለን ነበር።

እዚያ ፎቅ ላይ ለኢንተርቪው እንግሊዝኛ ያዘጋጁን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ሁለቱ አውራ ጣቶቻችን ላይ ላስቲክ አስገቡልን። ቃሉ ውስጥ ጠንከር ብሎ የሚነሳው ድምፅ ላይ ስንደርስ እንስባለን፣ ሌላው ላይ እንለቃለን። ፎቶግራፍ ሲባል "ፎ" ላይ፣ ፎቶግራፈር ሲባል ደግሞ "ቶ" ላይ ትስቢያለሽ።

"አማርኛ ለልጆቹ እኩል ያካፍላል" ይሉን ነበር። "እንግሊዝኛ ግን አንዱን አስበልጦ ይወዳል። የሚወደውን ካላወቃችሁለት አይሰማችሁም።"

ታክሲ ውስጥ ሳይቀር እንስብ ነበር። ጉርድ ሾላ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ መቀመጥ ያቅተኛል፤ አፌ ያጉተመትማል። አንድ ቀን ከጎናችን የተቀመጡ እናት ትክ ብለው ሲያዩን ቆዩና "ልጆቼ፣ ጥጥ ብትይዙ እኮ እስካሁን አንድ ጋቢ ይወጣችሁ ነበር" አሉን። ታክሲው በሙሉ ሳቀብን። አመሻሽ ላይ ደግሞ እኔ ከላይኛው በረንዳ፣ እሷ ከታችኛው ሆነን ቃል እንወራወር ነበር። እኔ "ኢመርጀንሲ" ስል እሷ "መር" ላይ ስባ ትመልስልኛለች።

የኢንተርቪው ቀን ቦሌ፣ ኮሪደሩ ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሳብ ለቀቅ ሳደርገው ላስቲኬ ተበጠሰ። ጓደኛዬ ቀድማኝ ገብታ ወጥታ ነበርና የራሷን አውልቃ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

"ተውሶ ነው፣ ትመልሺዋለሽ" አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄድኩ። ከዚያ አንደኛው ጠያቂ ፈገግ ብለው "አይዞሽ፣ እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊው" አሉኝ። አሳረፍኩት። እጄ ሲያርፍ አፌም አብሮ አረፈ፤ ቃሉ ሁሉ አንዱም ሳይነሳ፣ አንዱም ሳይወድቅ፣ እኩል ሆኖ ወጣ። ላስቲኩ አውራ ጣቴ ላይ እንደላላ ቀረ።

ከዚያ በኋላ፣ ላለፈች ይደወልላታል ስለተባልን፣ ስልኬን ሻወር ቤት ሳይቀር ይዤው እገባ ነበር። ካርድ ሲሞላልኝ እንኳ ልቤ ይዘላል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በረንዳ ወጥቼ ቃል ወረወርኩ። ከታች መልስ የለም። መኖሯን አውቃለሁ፣ ነጠላ ጫማዋ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ያኔ ገባኝ፤ ተደውሎላታል።

ደረጃውን ወጥታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ካልሽኝ እቀራለሁ" አለች።

ቅሪ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በጣም ፈልጌ ነበር።

"አብደሻል እንዴ! ሂጂ" አልኳት።

በሩ ላይ ዞር ብላ "ላስቲኬስ?" ስትለኝ "ስትመለሺ" አልኳት።

ከበረራ ስትመለስ ሁሌ ትቸኩላለች፤ ሻንጣዋን እንኳ ከበሩ አታሳልፈውም። አንዱን ቀን ልሰጣት ከመሳቢያው ባወጣው፣ ደርቆ ኖሮ እጄ ላይ ተፈረካከሰ። እጄን እንደጨበጥኩ አቅፌ ሸኘኋት።

ዛሬም ከየአገሩ ስትደውል፣ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "ላስቲኬስ?" ትለኛለች።

"አለ" እላታለሁ። "የት ይሄዳል።"