በረዶ ላይ የቆመው ሽመላ

ጎንደር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ዛሬ አንድ ተማሪ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ የጃፓን ሥዕል በቴሌግራም ላከልኝና በከለር አተምኩለት። በረዶ ላይ የቆመ ሽመላ ነው። ወረቀቱ ትኩስ እንደሆነ ከማሽኑ ሲወጣ አወቅኩት።

ይኸው ወፍ ባደግኩበት ከተማ በመካነ ብርሃን፣ አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ትሠራበት ከነበረው ሆቴል ያመጣችው የጃፓን ካላንደር ነው። እሱን ሰቅላልን በማግስቱ ቤሩት ሄደች። ወሩ አለቀ፤ አያቴ ግን ገጹን አላስገልጥ አሉ።

«ከኋላው ያለውን ልየው በቃ፣ አባባ! አበባ ቢሆንስ?»

«ምነው አንቺ፣ እጅሽ አያርፍም? እናትሽ ስትመጣ ትገልጠዋለች።»

«እስከዚያ ወፉ አይበርደውም?»

«ይበርደዋል እንጂ! የሣለው ሰውዬ ብርድ ያውቃል። አንገቱን እንዴት ሸጋ አርጎ እንደቀበረው አታይም?»

እናቴ ስትደውል ዛሬም «ለከርሞ እመጣለሁ» ነው የምትለው። ገጹም እንዳለ አለ።

ተማሪው ስልኩን እየነካካ «ከዚህ ቀጥለው ያሉት ሥዕሎችም አሉኝ፤ ላሳይሽ?» አለኝ።

«አታሳየኝ!» አልኩት። ድምፄ ለራሴም ከረረብኝ።

ልጁ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ደነገጠ። ወረቀቱን ሰጠሁትና ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።