ባጃጅ የማይገባበት ሰፈር

«እማማ፣ እዚህ ጋ ይውረዱ፤ ወደ ውስጥ አልገባም» አለ ባለባጃጁ። ጭቃችንን ያውቀዋል።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። በፌስታል የያዘችውን የጭቃ ጫማ ልትቀይር ጎንበስ ስትል ሌላ ባጃጅ አልፎን አስፋልቱ ማዶ ያለው ሰፈር ሰተት ብሎ ገባ። እስከ በር ድረስ!

እነዚያ ማንንም ሳይጠብቁ በደቦ ወጥተው ቦይ ቆፈሩ፣ ድንጋይ አነጠፉ። እኛ ግን ኮሚቴ አለን። ሊቀመንበር አለን፣ ምክትል አለን፣ ጸሐፊ አለን። አካፋ ብቻ ነው የጎደለን።

ቅናት ኃጢአት መሆኑን በየእሁዱ እሰማለሁ። ግን እናቴን ቤት አድርሼ ተሻገርኩና እዚያው የሰው ድንጋይ ላይ ቆሜ ቀናሁ። አንዱ ተነቅሎ ባገኝ ደስ ባለኝ!

የተነቀለ ስፈልግ ጎንበስ ብለው ድንጋይ የሚያስተካክሉ ሰውዬ አየሁ። የኛው ሊቀመንበር፣ ኦቦ ቶላ!

«ኦቦ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«አካም ኦልቴ፣ ልጄ! ቅዳሜ ወደዚህ ልገባ ነው፤ የሚከራይ ቤት አገኘሁ» አሉኝ። ፊቴን አዩና ሊያጽናኑኝ ጨመሩ፦ «አይዞሽ፣ ስብሰባውን አልተውም።»

እስቲ ንገሩኝ፣ የእናንተ ሰፈር ሊቀመንበር የት ነው የሚኖረው?