የኔቫ ሁለት እግሮች

ኔቫ ስቲደም የወረዳችንን የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መጠገን ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ከአውቶቡስ ሥር ስትወጣ ፊቷ ግራሶ በግራሶ ይሆናል፤ የከንፈሯ ቀለም ግን ንቅንቅ አይልም። ወላጆቿ ያሳደጓት ወንድ ብለው ነበር። አርባ ሲሞላት ሴት መሆኗን ለሁላችንም ነግራን ስሟን ቀየረች። መንደሩ አንድ ወቅት ሙሉ በሐሜት ከረመ፤ በረዶ ሲገባና አውቶቡሶቹ አልነሳ ሲሉ ግን ሐሜቱን ትቶ እሷኑ ጠራ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትጨፍራለች። እኔ ቫዮሊን ስጫወት እሷ ብረት በተመታበት ጫማዋ የእንጨቱን ወለል ትወቃዋለች። በተራራችን እንደሷ እግር የተሰጠው ሰው የለም። ምት ከሳትኩ በሰው ፊት "ዴንዚል፣ ቫዮሊንህ አነከሰ" ትለኛለች። ስለዚህ ስኳሯ ተነሥቶ የእግር ጣቷ ሲቆስል ከሷ ይልቅ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። የስኳር በሽተኛ ቁስል ቀልድ አያውቅም፤ አጎቴም እግሩን ያጣው እንዲሁ በትንሹ ጀምሮ ነው።

በመኪናዬ ክሊኒክ ወሰድኳት። ያለን ሐኪም አንድ ነው፣ ዶክተር ፕሬተር። ድምፁን እንኳ ከፍ የማያደርግ ጨዋ ሰው ነው። ሐኪም ሕሊናው ያልፈቀደውን ሕክምና አልሰጥም እንዲል ሕግ እንደሚፈቅድለት በትሕትና አስረዳን። እሷን ማከም አኗኗሯን መባረክ ይሆንብኛል ብሎ እንደሚፈራና ሁለት ሰዓት ተነድቶ ሌላ ሆስፒታል እንደሚገኝም ጨመረ።

"ዶክተር፣" አለች ኔቫ፣ "እኔ ይዤ የመጣሁት ጣቴን ነው። ይቺ ጣት ደግሞ ከጠባብ ጫማ በቀር ሌላ ኃጢአት የለባትም።"

ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን አልሳቀም፣ ጣቷንም አላየላትም። እኔ ደሜ ፈላ። ሕሊና ከጣት ጋር ምን አጣላው? አፌን ስከፍት ኔቫ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ጨዋታዋ አለቀባት።

"እግሬን ከቆረጡት ምን ይተርፈኛል?" አለችኝ።

ወዲያው ስልኬን አወጣሁ። የሩቁ ሆስፒታል ቢደወልለት የሰጣት ቀጠሮ ለሚቀጥለው ወር ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኦፓል ጌይሃርት ኔቫ ቤት መጣች። የክሊኒኩ ነርስ ናት፣ ከእኔ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እምነቷን አጥብቃ ስለምትይዝ ፀጉሯ መቀስ ነክቶት አያውቅም፤ ስለ ኔቫ ያላት አስተያየትም ከዶክተሩ ቢብስ እንጂ አይሻልም።

"የሥራ ሰዓቴ አልቋል" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "የያዙት መንገድ ትክክል ነው አልልዎትም። ግን ምሳዬ አልወርድ አለኝ። እኔም ሕሊና አለኝ።"

ለካ ቁጣ በሚመስል ልመና የሩቁን ሆስፒታል ለሰኞ አስማምታ ኖሯል የመጣችው። ቁስሉን አገላብጣ አየችና በጊዜ ስለተደረሰበት እግሯ እንደማይቆረጥ ነገረችን። ኔቫ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች።

ኦፓል ሳፋ አስመጣች። የውኃውን ሙቀት በክርኗ ለካች፣ ፎጣ ወገቧ ላይ አሰረች፣ በረንዳው ላይ ተንበረከከች።  በቤተ ክርስቲያናችን በዓመት አንድ ቀን እንዲሁ ፎጣ ታጥቀን እግር እንተጣጠባለን፤ ወንድ የወንድን፣ ሴት የሴትን። ኔቫ ቤተ ክርስቲያናችን መምጣት የተወችው በዚያ ቀን በወንዶቹም በሴቶቹም በኩል እግሯን የሚቀበላት ሰው ስላጣች ነው።

ኦፓል የታመመውን እግር አጠበች፣ አደረቀች፣ በፋሻ ጠቀለለች። በቃ ልትሄድ ነው ስል ውኃውን ግቢው ውስጥ ደፍታ ሌላ ቀዳችና ተመልሳ ተንበረከከች።

"ያንኛውን አምጪ" አለች።

"ይሄ እኮ ደኅና ነው" አለች ኔቫ።

"አውቃለሁ። አምጪው፣ እህት ኔቫ።"