ያላለቀሰው ልጅ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አምቦ በምሠራበት ሆስፒታል ለሕፃናት ማደንዘዣ አሰጣጥን የሚያስተምረው ሥልጠና ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ሠልጣኞቹ ከዞኑ ከተሞች የተሰባሰብን ሐኪሞች ስንሆን፣ ከሁሉም ትንሿና ዝምተኛዋ እኔ ነበርኩ።

አሠልጣኛችን ኬንያዊት ሐኪም ናት፤ በየአገሩ እየዞረች ይህንኑ ታስተምራለች። ፈረንጅ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ እሷ በመምጣቷ ብዙዎቻችንን ቅር ብሎን ነበር። ቀዶ ሐኪማችን "ፈረንጁ መንገድ ላይ ጊንጪ ከተማ ወረደ እንዴ?" ብሎ አስቆናል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ሴትዮዋ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ እጇን ወደኋላ አጣምራ ትቆማለች እንጂ ምንም አትነካም። ስንሳሳት እንኳ ቶሎ አትናገርም። አንድ ነገር ቢደርስ ጥፋቱ የእኛ እንዲሆን ነው አልኩ በልቤ።

የዚያን ቀን ተረኞች ሁለት ቡአ ያለባቸው ልጆች ነበሩ። ማደንዘዣ የሚወስድ ልጅ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ አለዚያ ያስመልሰውና ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ከሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ለወላጆች ይነገራል። የአምቦዋ ልጅ "ዳቦ ስጡኝ" እያለች ኮሪደሩን በለቅሶ አናውጣዋለች። ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ የመጣው የአራት ዓመት ልጅ ግን እናቱ ጭን ላይ ሆኖ በነጠላዋ ጫፍ ይጫወታል።

"እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" አለች ነርሷ።

እናቱን "ምግብ ቀምሷል?" አልኳት።

"ኧረ ምንም" አለች፣ ሳታየኝ።

ልጁን ደግሜ አየሁት። አንዲት አስታማሚ ሙዝ እየላጠች በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብሎም አላያት። በዚያ ብርድና በዚያ መንገድ፣ ባዶ ሆዱን ከጎጆ የመጣ ልጅ? ዘወር ስል አሠልጣኟ እኔን ትመለከታለች። አውቃ ዝም ያለች፣ የምትፈትነኝ መሰለኝ፤ በልጁ ሕይወት።

ቀዶ ሐኪሙ ከውስጥ "ዶክተርዬ፣ የጎጆውን አስገቢልኝ፤ መብራቱ ሳይሄድ እንጨርስ" አለኝ። ታላቄ ነው፤ ተቃውሜው አላውቅም። ልጁን ልቀበል እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እናቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ በኦሮምኛ "አዴ፣ በዚህ ብርድ እንዴት በባዶ ሆዱ አመጡት? እኔ ብሆን አልችልም" አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "መኪና ስንጠብቅ ድንች በላ። ጠብሼ ይዤለት ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ባለፈው እውነቱን ብናገር ተራሽ አለፈ፣ በሌላ ወር ነይ ብላችሁ መለሳችሁኝ። ዛሬ በር ላይ ያሉት ሴቶች፣ በልቷል ካልሽ ያው ወደ ጎጆ መመለስሽ ነው አሉኝ።"

መዋሸቱን ያስተማርናት እኛው ነን። ተነስቼ ገባሁ።

"የጎጆው ልጅ ዛሬ አይገባም፤ በልቷል" አልኩ። ማንም ስላልሰማኝ ደገምኩት።

"እንግዲያው ይመለሱና በሌላ ወር ይምጡ" አለ ቀዶ ሐኪሙ።

"እዚሁ አልጋ ይዘው ይደሩ። ነገ የመጀመሪያው ተራ ለእሱ ይሁን። አሁን ከመለስናት በሚቀጥለውም ትዋሸናለች።"

ጓንቱን እያወለቀ "ድምፅ የላትም ያላችሁኝ ይቺን ነው?" አለ። አልጋውን ግን ፈቀደ።

በምሳ ሰዓት አሠልጣኟን ልጁ መብላቱን ታውቅ እንደነበር ጠየቅኳት።

"አላወቅሁም" አለችኝ። "በሄድኩበት ሁሉ እናቶች ይዋሹኛል። ለምን እንደሚዋሹ ግን የአገሩ ሰው ነው የሚያውቀው፤ እጄን የማጣምረው ለዚያ ነው።"

መልሱ ጥሩ ነበር። እስካሁን ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም።

በማግሥቱ ጠዋት ጋዎኔን እንኳ ሳልለብስ ወደ ሕፃናት ክፍል ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። የጎጆው ልጅ ድንች አምጪ እያለ እናቱን በለቅሶ ያስጨንቃታል። ገባሁና "አዴ፣ ቢበላም ባይበላም ተራው አያልፈውም። ምን በላ?" አልኳት።

"ምንም" አለች፤ አሁን ዓይኔን እያየች።

እየጮኸና እየተወራጨ፣ እኔው አቅፌ አስገባሁት።