የሐሙስ ውሃ

አባቴ ከመርሳ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሰፈራችን የውሃ አባት ነው። ከወንዙ በቦይ የሚመጣውን የመስኖ ውሃ ለየገበሬው በተራ የሚያከፋፍል፣ ሰው ሲጣላም የሚዳኝ እሱ ነው። ለዕረፍት ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ እግሩ አብጦ ተኝቶ ነበርና እሱን ተክቼ ውሃውን እንዳከፋፍል ላከኝ። ደስ አለኝ። አንደኛ ዓመት ስለሆንኩ መሰለኝ፣ የተማርኩትን ሁሉ ለማሳየት እቸኩል ነበር።

ሐሙስ ተራው የአጎቴ ነው፤ የእናቴ ወንድም፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ብርድ ልብስ የገዙልኝ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን ሴትዮ ግን ቀድመው ከቦዩ አፍ ቆመው ጠበቁኝ። ተራቸው ቅዳሜ ነበር።

«ልጄ፣ ሽንኩርቱ ቅዳሜን አይጠብቅልኝም» አሉ።

ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩት ትዝ አለኝ፤ ዳኛ ለዘመዱ አያዳላም፣ የባለጠጋም ፊት አያይም። ለአጎቴ ብከፍት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ውሃውን ወደ ሴትየዋ ማሳ መለስኩት።

አጎቴ መጥተው ደረቁን ቦይ አዩ። «ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩሽ ዘመድ መጥላት ነው?»

ማዶ የሚኮተኩት ሌላ ገበሬ ሳቀ። «ይተዉአት ጋሼ፣ ሰዓቷ ገና የወልድያ ነው፤ የመርሳን ሐሙስ አታውቅም!»

ከሰዓት በኋላ አጎቴና ሴትየዋ አባቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ለምን ሰጠሻቸው?»

«እሳቸው ድሃ ናቸው፤ ጋሼ ደግሞ ዘመዴ ናቸው። እንዳላዳላ ብዬ ነው።»

«ለድሃም ቢሆን በፍርድ አታድላ ይላል እኮ መጽሐፉ። እሱን ገጽ ዘለልሽው?»

በሐሙሱ ምትክ የቅዳሜውን ውሃ ለአጎቴ ፈረደ። ሴትየዋ የሐሙሱ ምርቃት፣ የቅዳሜው የራሳቸው መስሏቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከዚያ ድረስ አላሰብኩትም። ከሐሙስ እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ሽንኩርቱ በዚያ ፀሐይ ያን ያህል አይቆይም።

«ፍርድ ነው» ብለው ብቻ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

አባቴ ያበጠ እግሩን በእጁ አቃና። «ልታዝኚላቸው ከፈለግሽ የእኛ ተራ ማክሰኞ ነው» አለኝ። «ስትፈርጂ ውሃው የሰው ነው፤ ስትሰጪ ግን ከራስሽ ስጪ።»

ማክሰኞ በዶማ ጭቃ ቆፍሬ የእኛን ቦይ ደፈንኩና ውሃውን ወደ እሳቸው ማሳ ለቀቅኩት። ሴትየዋ መረቁኝ፤ ደክሞኝ ስለነበር አሜን ማለቱን ረሳሁት።

ረቡዕ ወደ ወልድያ ስመለስ ከሚኒባሱ መስኮት ማሳችን ታየኝ። የእኛም ሽንኩርት ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ዶማው መዳፌን ላጥ አድርጎት ስለነበር ቦርሳዬን በክንዴ አቅፌ ተቀመጥኩ።