ጥቁር ቀሚሴና የሰፈራችን መንገድ

ያለፈው ምርጫ ሊካሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የሆነ ነው። ብዙ ሰው ረስቶታል፤ እኔንም “እርሺው” የሚለኝ አላጣሁም። ግን ከሰፈራችን ግርጌ፣ አስፋልቱ ላይ፣ አምቡላንስ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

የምኖረው ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ቤቶቹ አልቀው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሊጀምር ሲል ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወደ እኛ የሚያወጣው መንገድ መኪና አያስገባም፤ በክረምትማ እግረኛውንም ይጥለዋል። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ስትጠራ፣ አምቡላንሱ ታች ቆሞ ይጠብቃታል። እሷ በሰው ትከሻ ትወርዳለች።

እናቴም እንዲሁ ነው የወረደችው። አንድ ማለዳ ደረቷን አመማት። ባለቤቴ ግርማና ጎረቤቶቻችን ከነአልጋዋ ተሸከሟት። እኔ እጇን ይዤ ከጎን እሮጣለሁ። አምቡላንሱ ከታች ይታየናል፤ መብራቱ ይሽከረከራል። አልደረስንም። ቁልቁለቱ ሳያልቅ እጇ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ለከተማው ምክር ቤት በግል የተወዳደርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ትልቅ ዓላማ ነበረኝ ብል ውሸት ነው፤ መንገዱን ፈልጌ ነው። የምርጫ ምልክቴንም አካፋ አደረግሁ። ግርማ “አንቺ፣ ሰው የቀን ሥራ ፈላጊ እንዳይልሽ” እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ዳገቱ ላይ ያለነው ግን ጥቂት ነን። ብዙው መራጭ ታች፣ ወደ ቀበና ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ መንገዳችንን አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደውለው እኔንና ተፎካካሪዬ የሆኑትን አንድ ኢንጂነር በአንድ ዝግጅት ሊያቀርቡን እንደሆነ ሲነግሩኝ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ጋዜጠኛዋ ሴት መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አስደሰተኝ።

“እንጦጦ ፓርክ፣ አበባው መሃል ብንቀርጽዎትስ?” አለችኝ።

“የለም፣ ቤቴ ድረስ ኑልኝ። መንገዱን እዩት።”

መጡ። መኪናቸውን ታች አቁመው በእግር ወጡ። ዝናብ ጥሎ ነበርና ጋዜጠኛዋ ተንሸራትታ በጉልበቷ ወደቀች። ካሜራ ማኑ ማቆሚያውን ተሸክሞ እያለከለከ “እዚህም ሰው ይኖራል እንዴ?” አለ። እኔ በልቤ እሰይ አልኩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረዳት ያስፈልገኛል?

ጭቃዋን ካጠበች በኋላ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና “ወጥ ቤት ሆነው ብንቀርጽዎት ለተመልካች ቅርብ ይሆናሉ” አለች። “ወጥ ቤቴ መንገድ አያስፈልገውም” ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ሳሎን ተቀመጥን።

ብመረጥ ልጆቼን ማን እንደሚይዛቸው ጠየቀችኝ። አካፋ ለሴት አይከብድም ወይ አለችኝ። ባለቤቴ እንዴት እንደፈቀደልኝ ስትጠይቅ፣ ግርማ ከበሩ ሆኖ “እኔን ማን አስፈቅዶኝ!” አለ። እያንዳንዱን ጥያቄ እየጠመዘዝኩ ወደ መንገዱ መለስኩት። በየት በኩል ቢወጣ የማንም ቤት እንደማይነካ፣ ስንቷ ወላድ ጭቃ ላይ እንደምትሰቃይ፣ ምክር ቤት ብገባ መጀመሪያ ምን እንደምጠይቅ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

መጨረሻ ላይ ጥቁር ለምን እንደለበስኩ ጠየቀችኝ። እንደ አገሩ ደንብ እስከ እናቴ ሙት ዓመት አላወልቅም ብዬ ነበር። ነገርኳት፤ አልጋውን፣ ቁልቁለቱን፣ ከታች የሚሽከረከረውን መብራት። እዚያ ላይ እንባዬ መጣና ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። ጋዜጠኛዋም አለቀሰች። ስትሄድ አቅፋኝ “ነፍሳቸውን ይማር” አለችኝ። ከልቧ ነበር፤ ዛሬም አልጠራጠራትም።

ዝግጅቱ የሚተላለፍ ቀን ዳገቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። መጀመሪያ ኢንጂነሩ ቀረቡ። እሳቸውም በቅርቡ አባታቸውን ቀብረው ጥቁር ለብሰዋል። “ሐዘን ሳይበግራቸው” ተባለላቸውና ወዲያው ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ በጀት ተጠየቁ። ልጆች ይኑሯቸው አይኑሯቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀጥሎ እኔ። ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ከሥር ዋሽንት ገብቶበት። “የእናቷ ሐዘን ያልወጣላት አልማዝ” አሉኝ። ሲስተር የሚለው እንኳ ቀርቷል። ልጆቼ ታዩ፣ የእናቴ ፎቶ ታየ። “እናቴን ስናወርዳት” ከምለው ላይ ቆርጠው ወደ እንባዬ ዘለሉ። መንገዱ ግን የለም። ራሷ ጋዜጠኛዋ ተንሸራትታ የወደቀችበት መንገድ!

“መንገዱስ?” አለ ግርማ።

ደወልኩላት። “ሲስተር፣ ሰው እኮ በጣም ነው የወደደዎት! ስንቱ ሼር አደረገው!” አለችኝ ደስ ብሏት።

“መንገዱን ለምን ቆረጣችሁት?”

“ሰዓት አልበቃ አለን። ደግሞ ሰውን የሚነካው ይኼ ነው።”

እውነቷን ነው፣ ሰውን ነክቷል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ልለምን ታች የማንኳኳው በር ሁሉ ለቅሶ ቤት ሆነብኝ። ስለ መንገዱ ልናገር አፌን ስከፍት “አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ” ብለው እጄን ይጨብጡኛል። ተሸነፍኩ፤ ያውም በሰፊው።

የእናቴ ሙት ዓመት ደረሰና ጥቁሬን ሊያስወልቁኝ እናቶች መጡ። ከቀበና የእናቴ የማኅበር ጓደኛ እማማ ጌጤም መጥተዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀብሩ ላይ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ነበር የተመለሱት፤ ሰፈራችን ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ነጭ ቀሚስ አለበሱኝና እጄን ያዙ።

“ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። ያኔ አልመረጥኩሽም።”

“በቴሌቪዥን ስታለቅሺ አየሁና አንጀቴን በላሽው። ይቺ ልጅ ሐዘኗን ሳትጨርስ ምን ስብሰባ ለስብሰባ ያንከራትታታል፣ ቤቷ ትረፍ አልኩ። የማኅበራችን ሴቶች ሁሉ እንደዚያ ተባብለን ነው። እናትሽም ብትኖር ይኼንኑ ታደርግ ነበር።”

ጉንጫቸውን ሳምኩ።

ሲሄዱ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ተረፈ። ግርማ በአንድ ክንዳቸው፣ እኔ በሌላው፣ ደግፈን ቁልቁል አወረድናቸው። አዲሱ ነጭ ቀሚሴ ከታች ጭቃ በጭቃ ሆነ። መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙና ታች ታች አዩ።

“ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው እናትሽ ስትወጣ ስትወርድ የኖረችው?” አሉ። “አንድ እንኳ ይኼን አሠራለሁ የሚል ሰው ይጥፋ?”

ግርማ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና “ቀስ ይበሉ እማማ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል” አልኳቸው።

በመሸነፌ አላዝንም፤ ሰው አይቶ፣ ሰምቶ ቢጥለኝ ኖሮ ይወጣልኝ ነበር። የሚቆጨኝ እማማ ጌጤ ለእኔ አዝነው የጣሉት መንገዱን መሆኑን አለማወቃቸው ነው። እኔም ልነግራቸው አንጀቴ አልቻለም።