የእህቴ ማሳ በካርታው ላይ

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ካርታ እሠራለሁ» እላለሁ። ንፋስ መውጫ ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የቤት ካርታ የማወጣለት ይመስለዋል። ስንቱ ሻይ ጋብዞኝ፣ የምሥለው መሬት ውስጥ የተቀበረ የውሃ ቱቦ መሆኑን ሲሰማ በሻዩ ተጸጽቶ ሄዷል።

የቀጠረኝ የከተማው ውሃ አገልግሎት ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ቱቦ የት እንዳለ የሚታወቀው ሲፈነዳ ነበር። አንድ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ መንገዱ እዚህም እዚያም ይቆፈራል፤ ቱቦው ይገኛል፣ ወይም አይገኝም። እኔ ጂፒኤሴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቦኖውን፣ ቆጣሪውን፣ የመስመር መዝጊያውን እየዞርኩ መዘገብኩ። ከወረዳው መሬት አስተዳደር የገበሬውን ማሳ ካርታ ተቀበልኩ፤ የሳተላይት ምስልም ጨመርኩና ሁሉንም አንዱን በአንዱ ላይ ደረብኳቸው። ጂአይኤስ የሚሉት ነገር ይኸው ነው፤ ስስ ወረቀት በስስ ወረቀት ላይ እየደረቡ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት። ሥራዬን እወደው ነበር። አሁንም አልጠላሁትም፤ አኩርፌዋለሁ።

ከከተማው በታች አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረና ውሃ ወጣ። ሰው እልል አለ። ውሃው ግን በፓምፕ ተገፍቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መጠራቀም አለበት፤ ከዚያ ወዲያ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። ኃላፊያችን «ለታንከሩ ቦታ ፈልግልን» አሉኝ። እኔም ከቤቶቹ ሁሉ በላይ የሆነ፣ ለጉድጓዱ የሚቀርብ፣ ባለይዞታም የሌለበት መሬት እንዲፈልግልኝ ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት። ባለይዞታ የሌለበት ያልኩት ገበሬ እንዳይነቀል ብዬ ነው። ጥቂት አሰበና አገሩን ሁሉ አደብዝዞ አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ አብርቶ አስቀረልኝ። የወል መሬት በሚቀባበት አረንጓዴ ቀለም ተቀብታለች። ደስ ብሎኝ አጎላኋት።

ዳሯ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ቋጥኝ አለ። ያን ቋጥኝ አውቀዋለሁ፤ አባቴ ሞፈርና ቀንበራቸውን የሚያስደግፉበት ነው። በምስሉ ላይ ትልሙ ሳይቀር ይታያል። የኛው ላይኛው ማሳ ነበረች።

ላይኛው ማሳ የማን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የእህቴ ነው። ታላቄ ናት፣ እታለም ነው የምላት። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ተድራ ነበር። እናታችን ስትታመም ልታስታምም መጣች፤ ባሏ ቆየችብኝ ብሎ ሌላ አገባ። እናታችንን አስታማ ቀበረች፤ ከዚያ አባቴን መጦር ያዘች። እኔ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ደመወዝተኛ ስሆን እሷ እዚያው ናት። አንድ የፋሲካ ሰሞን አባቴ በነፍስ አባታቸው ፊት «ታችኛው ለወንዶቹ፣ ላይኛው ለሷ። እኔ ባልፍ ማንም እንዳይነካባት» ብለው ተናገሩ። እታለም በማግስቱ ማሳው ላይ ወጥታ ድንጋይ ስትለቅም ዋለች።

ስሕተት ነው ብዬ ወደ መሬት አስተዳደር ሮጥኩ። ባለሙያው የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ መዝገቡን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ። «ስሕተት የለውም። ሲለካ አባትህ ራሳቸው ቆመው የወል ግጦሽ ነው ብለዋል። አዋሳኞቹም መስክረዋል» አለኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጅራፍ ይገምዳሉ። ሁልጊዜም ፊታቸውን ወደ ላይኛው ማሳ አድርገው ነው የሚቀመጡት። እታለም አጠገባቸው ምስር ትለቅማለች።

«አባባ፣ ላይኛውን የወል ነው ብለዋል እንዴ?»

«ማን ነገረህ?»

«ካርታው።»

ጅራፉን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ብያለሁ» አሉ። «ያን ዓመት ጦም አድሮ ሣር በቅሎበት ነበር፤ ላሞቹን ለቀቅሁበት። ለኪዎቹ ይህስ ሲሉኝ የወል ነው አልኳቸው። አንተ የመሬት ሽግሽጉን አታውቀውም። ያኔ ያለኝን በሐቅ ብናገር በዝቶብሃል ብለው ወንዝ ዳሩን ቆርሰው ለሌላ ሰጡብኝ። ገመድ ይዞ የመጣ ሰው ሊወስድ ነው የሚመጣ።»

አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነበር ያደረገው። አንዱ ማሳውን ጥሻ ነው አለ፣ ሌላው የደብሩ ነው አለ፤ ጎረቤትም ነገ ለራሱ እንዲመሰከርለት «እህ፣ ነው» እያለ መሰከረ። ለኪዎቹ ሲሄዱ ሁሉም በሬውን ጠምዶ አረሰ። እዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚዋደደው። ያ ልኬታ ግን ይዞታቸውን ሊያጸናላቸው የመጣ ነበር። ተነግሯቸዋል፤ አላመኑም። በቦታቸው ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

እታለም ቀና አላለችም። ጣቷ ብቻ ያችኑ አንዲት ምስር ከወዲያ ወዲህ ትገፋለች።

ከአባቴ ነፍስ አባት ጋር ሆነን ወደ አዋሳኞቹ ሄድን፤ አሁን እውነቱን ይመስክሩልን ብለን። አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፣ ማር የመሰለ ጠላ አቀረቡ፣ ስንወጣ ግን ክንዴን ያዙኝና «ልጄ፣ ያባትህን ካወጣሁ የኔም ይወጣል» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም ልል ነበር። ተቀይሜያቸዋለሁ፣ ምን ያስዋሸኛል።

ያን ሰሞን አባቴ ቢሮዬ ድረስ መጡ፤ መጥተው አያውቁም። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ለሹመኛ እንደሚቆሙ በሩ ላይ ቆሙ። «ያን መስመርህን ትንሽ ፈቀቅ ብታደርገውስ?» አሉኝ። ከተወለድኩ ከኔ የለመኑት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ሌላ ኮረብታ ፈልጌ ለስብሰባ አቀረብኩ። ዝቅ ይላል። የገዛ ካርታዬ፣ ውሃው ከዚያ ቢለቀቅ ላይኛው ሰፈርና ጤና ጣቢያው ድረስ እንደማይወጣ በቀይ ቀለም ያሳያል። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም። ጉዳዩን ያውቁ ነበርና ለብቻ ጠርተው «አንተው በሠራኸው ካርታ ምን ልበልህ?» አሉኝ። ምን ይበሉኝ? ዝቅ ያለውን ቢመርጡ ጤና ጣቢያ የምትወልድን ሴት ውሃ አትጠጪ ማለት ነው። የሰው ይዞታ ቢሆን ምትክ ይፈለግለት ነበር፤ የወል ስለሆነ የቀበሌው ስምምነት በቃ። ካፍ የወጣ አፋፍ አለ ያገሬ ሰው።

ገብሷ እስኪታጨድ ጠበቋት፤ ይህን ደግነት አልክድም። እታለም ራሷ አጨደች፣ ራሷ ከመረች። የመጨረሻዋን ነዶ ስታወርድ ቁፋሮው ጀመረ። ቋጥኙ ለመሠረት ድንጋይ ተፈለጠ። እሷ ያን ሁሉ ዓመት እየለቀመች የከመረችው ድንጋይም አብሮ ገባ።

ውሃው ደረሰ። ከቤታችን ወረድ ብሎ ቦኖ ተተክሏል። እታለም ከራሷ ማሳ የሚወርደውን ውሃ በጄሪካን ትቀዳለች። እንዴት ነው ስላት «ውሃውስ ጥሩ ነው» አለች። ውሃው መምጣቱ ደስ ብሏታል፤ የባሰ ልቤን የሚሰብረውም እሱ ነው። አባቴ በርጩማቸውን አዙረዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ነው የሚቀመጡት። ምሳ ቀረበ ስትላቸው ቀና ብለው ሊያዩዋት ያፍራሉ። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም።

ባለፈው የገበያ ቀን ቢሮዬ መጣች። ዘንቢሏን ግድግዳው ሥር አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ አሳየኝ» አለች።

ካርታውን ከፈትኩላት። ንፋስ መውጫን አሳየኋት፣ መንገዱን፣ ቤታችንን። ማሳዋን ሳላሳያት ራሷ አገኘችው። ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ በማጭድ የተሰነጠቀ ጣት ነው።

«እዚህ ላይ ምን ይላል?»

«የወል ይላል።»

«የወል ሲሉ የማን ማለታቸው ነው?»

«የሁሉም፣ እታለም።»

ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ብትቆጣኝ ምነኛ በተሻለኝ።

«እንዲያ ከሆነ የኔም አለበታ» አለች።

«አዎ፣ ያንቺም አለበት።»

«የኔ የቱ ጋ ነው?»

አጎላሁላት። አረንጓዴው እየሰፋ መጣ፤ ታንከሩ ከምስሉ ወጣ፣ የማሳው ዳር ወጣ። ደግሜ አጎላሁት። ምስሉ ተበታትኖ ትንንሽ የቀለም ሣጥን ብቻ ሆነ። እታለም አገጯን በመዳፏ ደግፋ እስካሳያት ትጠብቃለች።